የአባባ እግርና የእሜቴ ፍሬን

«መኪናዋማ ምንም እንከን የላትም፤ የደከመው የአባባ እግር ነው» አለ ወንድ ልጁ በስልክ። አባትየው እዚያው ሶፋ ላይ፣ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጠዋል። ሰው በሌለበት እንደሚወራው ነው ያወራው፤ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ለገዢው የመኪናዋን ጤንነት የሚያስረዳው በአባቱ ሕመም ነበር። ከፊት መብራቷ አጠገብ ያለው ጭረት የመጣው የግቢውን በር ገጭተው ነው፤ በሩን የገጩት ደግሞ እግራቸው ፔዳል መርገጥ ስላቃተው ነው፤ ስለዚህ ሞተሯም ፍሬኗም ሙሉ ጤነኛ ናቸው። ባንክ የሚሠራ ሰው ነገር ማሳመር መቼ ያቅተዋል። አባትየው ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ግን አልተከፈተም። ታላቅ እህቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ብርጭቆ እየወለወለች ሁሉንም ሰማች። የሆነ ነገር ልትል ፈለገች። ከዚያ የወለወለችውን ብርጭቆ ደግማ ወለወለችና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

መኪናዋን እሜቴ ነው የሚሏት። ከልብስ ሰፊዋ ጋር እኩያ ብትሆን ነው፤ ዕድሜዋን ሲጠየቁ ሁለቱም ወሬ ይቀይራሉ ብለው ይቀልዱባቸዋል። የኋላ መስኮቷ የሚወርደው ተለምኖ ነው፣ በሮቿ ሲዘጉ ጎረቤት ይሰማል። አባትየው ዕድሜ ልካቸውን የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ በእጃቸው የቀረችው መሪ የእሷ ናት። ራሳቸው ይፈቷታል፣ ራሳቸው ይገጥሟታል። እስካለፈው ወር ድረስ የልብስ ሰፊዋን ልጅ፣ ትንሿን፣ ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሷት ከሰዓት የሚመልሷት በእሜቴ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ታዲያ ትንሿ እንደወትሮዋ ከመኪናዋ ወርዳ የግቢውን በር ልትከፍት ሄደች። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ነው፤ አባትየው ፍሬን ይዘው ይጠብቃሉ። እሜቴ ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች። ልጅቷ ዞር ስትል የመኪናዋ አፍንጫ አጠገቧ ደርሷል፤ ወደ አጥሩ ዘለለች፣ እሜቴም በሩን ገጭታ ቆመች። የልጅቷ ጉልበት ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አልነበረም። አባትየው ከመኪናዋ ወርደው «ፔዳሉ ከእግሬ ስር ወረደ» አሉ።

ያኔ የሰፈሩ መካኒክ ተጠራ። ዶክተሩ ይሉታል፤ ስሙን የሰጡት ሌሎች ይሁኑ ራሱ የሚያውቅ የለም። የፍሬን ዘይቱን አየ፣ ሙሉ ነው። በየጎማው ሥር አጎንብሶ አየ፣ ደረቅ ነው። ገብቶ ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ደበደበው፣ ድንጋይ ነው። ነድቷት ወጣና ጎማዋ እስኪጮህ ድረስ ረገጠ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። «ፍሬኗ ከእኔም ከእናንተም ይሻላል» አለ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ «አባባ፣ እግርዎንስ እንዴት ነዎት?» ብሎ ጠየቀ። እግራቸው አልፎ አልፎ ይደነዝዛል፤ ሐኪም የስኳር ነገር ነው ብሏቸዋል፣ ቤተሰቡም ያውቃል። ከዚያች ጥያቄ በኋላ የፔዳሉን ወሬ የሚሰማቸው ጠፋ። ልጃቸው ቁልፉን ከምስማሩ አንስቶ ኪሱ ከተተው። ልብስ ሰፊዋም ልጇን አልጋ ላይ አስቀምጣ ከአባባ ጋር መኪና ውስጥ እንዳትገባ፣ እግሩ እንደማይሠራ ነገረቻት። ልጅቷ አባባ ይራመዳል እኮ ብላ ተከራከረች። እናትየው አይሠራም አልኩሽ አለች፣ ልጅቷ እሺ እስክትል ደጋግማ አስባለቻት። አባትየው መጀመሪያ ከሁሉም ጋር ተሟገቱ፤ ኋላ ዝም አሉ፤ አሁን አሁን ደግሞ ደረጃ ሲወርዱ ቀኝ እግራቸውን እያዩ መውረድ ጀምረዋል።

ገዢው ከሰዓት ሊመጣ ቀጠሮ ተያዘ። ወንድምየው ስልኩን ዘግቶ፣ እሜቴ ታጥባ ብትቆይ ዋጋ ትጨምራለች አለና ቁልፉን ለእህቱ ወረወረላት። እሱ ቅዳሜም ቢሆን ቢሮ ይፈለጋል፤ የእሱ ቢሮ ሁልጊዜ የሚፈልገው ቤት ውስጥ ሥራ ሲኖር ነው። ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ጫማ ቀይራ ስትወጣ አባቷ ከሶፋው ሳይዞሩ፣ ቁልቁለቱ ላይ ከፊትሽ ካለው መኪና ራቅ በይ አሏት። ወንድሟ ሳቅ አለ። እሷም ለልጇ በምትመልስበት ድምፅ «እሺ አባባ» አለች። ድምፁ ከአፏ ከወጣ በኋላ ለራሷም ቀፈፋት፤ ግን ዞር ብላ አላስተካከለችውም።

መኪና ማጠቢያው ከገበያው በታች ነው። ወደዚያ የሚወርደው መንገድ የውኃ ቧንቧ ሊቀበርበት ግማሹ ተቆፍሮ፣ አንድ ሰውዬ ቀይ ጨርቅ ይዞ አንዴ የወጪውን አንዴ የወራጁን ተራ ይለቃል። ልብስ ሰፊዋ የላስቲክ ወንበር ከተከመረበት አሮጌ የጭነት መኪና ኋላ ቆመች። የሚታይ ነገር የማይጠፋበት ቦታ ነው፤ ከግራ በኩል አንዲት ሴት የቲማቲም ዋጋ ተከራክራ ተከራክራ ትታው ትሄዳለች፣ ሻጩ ይጠራታል፣ ትመለሳለች። ልብስ ሰፊዋ እነሱን እያየች እግሯን ፍሬኑ ላይ ለዘብ አድርጋ ይዛለች። ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ፔዳል ላይ የሚውል እግር ነውና ምን ያህል እንደተጫነ ያውቃል። ፔዳሉ እየሰመጠ ነበር። መጀመሪያ ጫማዋ የተንሸራተተ መሰላት። እግሯ ግን ከቦታው አልተነሳም፤ ፔዳሉ ነው ከሥሩ የሚሸሸው፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይነቃበት ተጠንቅቆ ክፍሉን ለቆ እንደሚወጣ እንግዳ። ቀና ስትል የላስቲክ ወንበሮቹ ወደ እሷ እየመጡ ነው። ረገጠች፤ ፔዳሉ ወለል ነክቷል። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ጎተተችው። እሜቴ ከጭነት መኪናው አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

ከኋላዋ ጥሩምባ ተነፋ። ልብስ ሰፊዋ አልሰማችም። እግሯን አንስታ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ረገጠችው፤ ድንጋይ ሆነ፣ ልክ ዶክተሩ እንዳለው። ከዚያ ረግጣ ያዘችው። ድንጋዩ መሟሟት ጀመረ፣ ወረደ፣ ወለል ነካ። ፔዳሉ ከእግሬ ስር ወረደ። አባቷ ያሏት ይህንኑ ነበር፣ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ያን ቀን ጩኸት ሰምተው ሁሉም ወደ በሩ ሲሮጡ ያየችውም ነገር ትዝ አላት። ወንድሟ እሜቴን ወደ ኋላ ሊገፋ ሲሞክር እንቢ ብላው፣ ገብቶ የእጅ ፍሬኑን አውርዶ ነው የገፋት። የእጅ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተጎትቶ ነበር። እግሩ የከዳው፣ የደነገጠ፣ ፔዳል የተምታታበት ሽማግሌ ያሉት ሰው ልጅቷ ጋ ከመድረሱ በፊት እጁን ልኮ ያንን ማንሻ ጎትቷል። ሁሉም አይተውታል፤ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ የለም። እሷም አልጠየቀችም። ወራጆቹ ሲለቀቁ በአንደኛ ማርሽ፣ እጇን ከእጅ ፍሬኑ ሳታነሳ፣ የሰው ስድብ እየጠጣች ወደ ጋራዡ ዞረች።

በዶክተሩ ጋራዥ ውስጥ ሥራና ጨዋታ አይለዩም። እሱ አንድ ሚኒባስ ሥር ተኝቶ ነበር፤ ጉዳዩን ስትነግረው ከሥር ሳይወጣ፣ መኪና ሹፌር ሲቀየርባት እንደ ላም ታኮርፋለች ብሎ ቀለደ። አልሳቀችም። ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ዘይቱን አየ፣ ያው ሙሉ ነው። ገብቶ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ፔዳሉን ሊደበድበው እግሩን አነሳ።

«አትደብድበው» አለችው። «ቀስ ብለህ ረግጠህ ያዘው። ዝም ብለህ ያዘው።»

ደስ ይበልሽ በሚል ፊት ረግጦ ያዘ። እየጠበቀ ስለ ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ጭማሪ ማውራት ጀመረ። የወሬው መሀል ላይ ዝም አለ። ወደ ታች አየ። እግሩን አንስቶ እንደገና ረገጠ፣ ያዘ፣ ጠበቀ። ሦስተኛውን ከሞከረ በኋላ ወርዶ አራቱንም ጎማ አንስቶ ከውስጥ አየ፤ ጠብታ እንኳ የለም። ቧንቧዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሳቸው፤ ደረቅ ናቸው። አየር ገብቶ ቢሆን ፔዳሉ ገና ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ይህ ግን ጠንክሮ ጀምሮ ነው የሚሰምጠው፤ ወደ ውጭ የሚፈስ ከሌለ ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው፤ ይህን ሁሉ ለእሷ ሳይሆን ለራሱ ነበር የሚናገረው። ኮፈኑን ከፍቶ ማስተሩን፣ ያቺን ከፔዳሉ ፊት ያለችውን የብረት ቱቦ፣ ፈታትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ዘይቱን ገፍቶ ወደ ጎማዎቹ የሚልከው ጎሚኒ፣ ክቡ ላስቲክ፣ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሲደበድቡት የጎሚኒው ከንፈር ይነፋና ዘይቱን ይይዛል፤ ቀስ ብለው ሲጫኑት ግን ከንፈሩ የተጎዳ ከሆነ ዘይቱ በጎኑ እየሾለከ ወደ መጣበት ይመለሳል። ለዚህ ነው ዘይቱ የማይጎድለው። ዶክተሩ «እኔ ደግሞ ደበደብኩት» አለና በርሜል ስቦ ተቀመጠ።

ጎሚኒውን አውጥቶ መዳፉ ላይ አገላበጠው። ከንፈሩ በአንድ በኩል ተልጧል። ያረጀ አይደለም አለ፤ ያረጀ ይሰነጠቃል፣ ይህ ተፍቆ ነው። የእጅ ባትሪውን ወደ ቱቦው ውስጥ አበራላትና እንድታይ ጠራት። መሀሉ እንደ መስታወት ያበራል፣ የመጨረሻው ጫፍ ግን በቡናማ ዝገት ቀለበት ተከቧል። በአሮጌ መኪና ሁሉ እንዲህ ነው አላት፤ ፔዳሉ በየቀኑ የሚረገጠው እስከ ግማሽ ነውና ጎሚኒው እዚያ ጫፍ ድረስ ሄዶ አያውቅም፣ እዚያ ዝገት ይተኛል። አንድ ሰው ከፍሬኑ አየር ሲያስወጣ ፔዳሉን እስከ ወለል ድረስ ከረገጠው ጎሚኒው ዝገቱ ውስጥ ይገባና ከንፈሩ ይላጣል። ስለዚህ አዋቂ ሰው ከፔዳሉ ሥር እንጨት ያደርጋል። «አባባ ይሄን ሳያውቁት ቀርተው ነው?» አለ። ልብስ ሰፊዋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

አባባማ ያውቁት ነበር። በሩ ከመገጨቱ ጥቂት ቀናት በፊት፣ እሑድ፣ የኋላውን ጎማ የፍሬን ቧንቧ ቀይረው አየር ለማስወጣት የሚረግጥላቸው ሰው ፈለጉ። እሷን ጠሩ። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ ጣውላ አስቀምጠው፣ ከዚህ በታች እንዳይወርድ፣ እንጨቱ ሲያቆምሽ ቁሚ ብለዋት ከመኪናዋ ሥር ገቡ። እሷ ግን ስልክ ላይ ነበረች። አንዲት ደንበኛ የቀሚሷ ርዝመት ሁለት ጣት አጠረ ብላ ደርቃ ይዛታለች፤ ስልኩ በትከሻና በጆሮ መሀል ነው፣ ከሥር አባቷ ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ ይላሉ፣ የጫማዋ አፍንጫ በየረገጣው እንጨቱን ይመታል። ሰለቻት። በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ወንበሩ ሥር ላከችው። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን እስከ ወለል፣ ደጋግማ፣ ለደንበኛዋ የነበራትን ንዴት ጨምራ ረገጠችው። ሥራው አልቆ አባቷ ከሥር ሲወጡ እንጨቱን በፍጥነት ጎትታ ቦታው መለሰችው። ተንኮል አልነበረም፤ ንግግር እንዳይበዛባት ብላ ነው። አባቷ በሩን ከፍተው እንጨቱን ከቦታው አነሱና «ጎበዝ» አሏት።

ዶክተሩ ይህን ምኑንም አያውቅም፤ እሱ ያሳሰበው የራሱ ስም ነበር። ከመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ማስተር በስልክ እያዘዘ፣ ዋጋውን እየተሟገተ፣ በመሀል ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ያማክራት ጀመር። ሰው አልሞተም። ገዢው ዛሬ ይመጣል። አዲሱን ማስተር ይገጥማል፣ ዋጋውንም ከእሷ አይቀበልም፣ እሜቴ ከነጤናዋ ትሸጣለች፣ የሚጎዳ ሰው የለም። አባባም ቢሆኑ ዕድሜያቸው ነው፣ አንድ ቀን መንዳት ማቆማቸው አይቀርም። «ያለፈ ነገር ቀስቅሰን እሳቸውንም ባናስጨንቅ ምን ይመስልሻል?» አላት። አባባን ላለማስጨነቅ ማለቱን ስትሰማ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷን ደግሞ ወዲያው ጠላችው። ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ከተጠጋ አሮጌ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጣ ለራሷ ጠበቃ ቆመች። እግራቸው ይደነዝዛል፣ ይህ ውሸት አይደለም። ሐኪሙ ተናግሯል። እንደገና መንዳት ጀምረው እግራቸው እውነት የደነዘዘ ቀንስ ምን ሊውጣቸው ነው። አሁን ብትናገር የወንድሟ ሽያጭ ይበላሻል፣ የዶክተሩ ስም ይበላሻል። የራሷን ስም መጨረሻ ላይ አሰበችው፤ ከሁሉም በፊት ቆሞ ሲጠብቃት የነበረው ግን እሱ ነበር። ዶክተሩ አዲሱን ገጥሞ፣ አየሩን በጥንቃቄ አስወጥቶ፣ ቁልፉን ሲሰጣት «እሺ፣ እንዳልከው ይሁን» አለችው።

ወደ ቤት ስትመለስ ፔዳሉ ከፍ ብሎ፣ ገና ሲነካ ይዟል። መኪና ማጠቢያው ጋ ሳትደርስ ነው የተመለሰችው። ገዢው ቀድሟት ደርሶ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ የዳቦ ቤት ባለቤት ነው፣ እጁ ላይ ዱቄት የሌለበት ግን ጫማው ላይ ያለበት። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጎማዎቹን በየተራ ረገጠ፣ ኮፈኑን አስከፍቶ ምንም ሳይነካ በቁም ነገር አየ። ወንድምየው ለምን ሳትታጠብ እንደመጣች በዓይኑ ጠየቃት፤ ዓይኗን አሸሸች። ከዚያ ወደ ሳሎን ገቡ። የልብስ ሰፊዋ እናት ሻይና ብስኩት አቀረቡ፣ የተሻለውን ወንበር ለእንግዳው ለቀው ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ። ስለ ዱቄት ዋጋ ተወራ፤ ዳቦ ለምን እንደሚያንስ ወንድምየው በባንክ ቋንቋ አስረዳ፣ ባለዳቦ ቤቱ በትሕትና እንዳልገባው ሆኖ ሰማ። ልብስ ሰፊዋ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ሻይዋን ታማስላለች። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ባለዳቦ ቤቱ ሽማግሌ የሚያምን ሰው ነበር መሰለኝ፣ ወንድምየውን አልፎ ወደ አባትየው ዞረና እውነቱን ከአፋቸው ሊሰማ እንደሚፈልግ፣ የሚገዛት ለባለቤቱ እንደሆነ፣ ይህችን የመሰለች መኪና ለምን እንደሚሸጡ ጠየቃቸው። ሁሉም ወደ እሳቸው አየ። አባትየው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«መኪናዋን አትጠርጥራት ልጄ» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እግሬ ከድቶኝ ነው። ለጥቂት የልጅ ልጄን ልገድላት ነበር።»

ይህን ሲሉ ቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነበር። ወር ሙሉ ሲሏቸው የነበረውን ነገር በመጨረሻ ራሳቸው አሉት። ከወጥ ቤቱ የሚሰማው የዕቃ ድምፅ ቆመ። ወንድምየው ራሱን በእርካታ ነቀነቀ፤ አባባም አመኑ፣ ሽያጩም ሊሰምር ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታይ ማንኪያውን ከብርጭቆው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አልከዳህም አባባ» አለች። «ፔዳሉ ነው የወረደው። ዛሬ ከእኔም እግር ስር ወረደ። ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ተልጦ ነበር። የላጥኩትም እኔ ነኝ።»

ወንድሟ ስሟን ጠርቶ ሊያስቆማት ሞከረ፤ አልቆመችም። እንጨቱን እንዴት እንደገፋችው፣ ስልኩን፣ ደንበኛዋን፣ ሲመጡ እንዴት መልሳ እንዳስቀመጠችው፣ «ጎበዝ» ሲሏት እንዴት ዝም እንዳለች፣ ዛሬ ዶክተሩ ጋ ሆና ላለመናገር ተስማምታ እንደነበር፣ ሁሉንም ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ ተናገረች። ስትጨርስ ባለዳቦ ቤቱ ሻይውን በአንድ ጉንጭ ጨረሰና ምድጃ ለኩሶ እንደመጣ ትዝ አለው፤ ሌላ ቀን እደውላለሁ እያለ ጫማውን ሳያስር ወጣ። ወንድምየው እሱን ሊሸኝ ተከተለውና ተመልሶ፣ ይህ ነገር ገዢ ፊት ነው ወይ የሚወራው ብሎ ጮኸባት። እናታቸው በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው «ወር ሙሉ» አሉ። ለማን እንዳሉት አልታወቀም፤ ለሁሉም ይሆናል።

አባትየው አልጮኹም። ባንዴ ነው የወረደው ወይስ ቀስ እያለ ብለው ጠየቋት። ቀስ እያለ አለቻቸው። ዘይቱስ ጎድሏል? አልጎደለም። «ማስተር» አሉ ለራሳቸው፣ የጠፋበትን የሰው ስም እንዳገኘ ሰው። ዶክተሩን ደግሞ ፔዳል መደብደብ እንጂ መያዝ አያውቅም ብለው አሙት፤ በወር ውስጥ ማንንም ሲያሙ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ ከመኪናዋ ሥር ሲወጡ ዞረው እስከ የት እንደረገጠች አለማየታቸው የእሳቸው ጥፋት እንደሆነ ተናገሩ። ግማሹን ጥፋት አነሱላት። እሷ ደግሞ ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ፣ አንድ ከባድ ነገር ቢሉኝ እያለች ነበር የምትጠብቀው። ይቅርታቸው ከንዴት ይልቅ ከበዳት። አባትየው ተነሥተው ቁልፉን ጠየቁ፤ ከመዳፏ ላይ አነሱት።

ትንሿ ግቢው ውስጥ ከእሜቴ አጠገብ ቆማ ነበር። አያቷ የመኪናዋን በር ከፍተው እስከ አደባባዩ ደርሰን እንምጣ አሏት። ልጅቷ መኪናዋን አየች፣ እናቷን አየች።

«እግርህ አይሠራም እኮ» አለች። ልታስከፋቸው ብላ አይደለም፤ ረስተውት እንደሆነ ልታስታውሳቸው ነው።

እናትየው ተንበርክካ፣ የኔ እናት፣ ተሳስቼ ነው፣ የአባባ እግር ደህና ነው፣ የተበላሸው የመኪናዋ ዕቃ ነበር፣ ተሠርቷል አለቻት። ልጅቷ በጥንቃቄ ሰማቻት። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽታ የቤቱን በር ያዘች። እናትየው ቃሏን ለማስገባት ያን ሁሉ ደጋግማ ነበር፤ ለማስወጣት ደግሞ አንዴ መናገር የሚበቃ መስሏት። እጇን ይዛ ልትጎትታት ስትል አባትየው «ተያት፤ አታስገድጃት» አሉ። ቅስማቸው መሰበሩን ላለማሳየት የጎን መስታወቱን ማስተካከል ጀመሩ፤ የተስተካከለ ነበር። «እኔ እገባለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ልጇ እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ዞራ ከጎናቸው ተቀመጠች። ከመስኮቱ ለልጇ እጇን አውለበለበችላት፤ ልጅቷ አላውለበለበችም።

አባትየው ከበሩ ወጥተው ዳገቱን ሲወጡ አንድ ነገር ሆኑ። ጀርባቸው ቀና አለ። ወር ሙሉ ደረጃ ሲወርዱ የሚያዩትን እግር አሁን አያዩትም። ፔዳሏ ከፍ ብላለች፣ ጥሩ ይዛለች አሉ፤ የኋላ በሯ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምተው ማጠፊያዋ ዘይት እንደሚፈልግ፣ ነገ እንደሚያዩት ነገሯት። ለእግረኛ ቆሙ፣ ለብስክሌት መንገድ ለቀቁ፣ ከአደባባዩ ሌላ ሰው ሳያስቸግሩ ወጡ። እንዲህ የሚነዳን ሰው ነው ቤት ያስቀመጥነው ብላ አሰበች፤ ዓይኗ እንባ አዘለ፣ ግን ደስ ብሏትም ነበር። ከጥፋቷ የሚስተካከል ነገር ካለ ይህ ነው፣ እየተስተካከለ ነው አለች በልቧ። ትንሿም ነገ ከነገ ወዲያ ትገባለች።

ከገበያው በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ ደረሱ። ታች፣ መጨረሻው ላይ፣ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። ሩቅ ነው። አባትየው አይተውታል፣ ነዳጁን ለቀው ማርሹን ዝቅ አድርገዋል፣ ስለ በሩ ማጠፊያ የጀመሩትን ወሬ አላቋረጡም። ልብስ ሰፊዋም ወሬውን እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች። አባቷ በመሀል ዝም አሉ። ዓይናቸው ወደ ታች፣ ወደ እሷ በኩል ወርዶ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ምን አይተው ነው ብላ ራሷም ዝቅ ብላ አየች። ቀኝ እግሯ ተዘርግቶ፣ ጉልበቷ ተወጥሮ፣ ምንም ፔዳል የሌለበትን ወለል በኃይል ረግጦ ይዟል። መቼ እንደረገጠች አታውቅም። ልታነሳው ፈለገች፤ እግሯ አልሰማ አላት። ዕድሜ ልኩን ሰው የጫነ ሹፌር ያመነውን ተሳፋሪ ካላመነው ለመለየት ነጋሪ አያስፈልገውም።

እሜቴ ከሚገባት በላይ ዝግ አለች። አባቷ መንገዱን እያዩ፣ ቂም በሌለበት ድምፅ፣

«ልቁምልሽ?» አሏት።

«አይ፣ ንዳ አባባ» አለች። ነዱ። እግሯ ግን ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ወለሉን እንደረገጠ ነበር።